መጠለያው ደርሶ መመለስና ተምሮ መመለስ

ጥያቄው የአንዲት የ6ኛ ክፍል ሳይንስ መምህርት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ባለፈው ዓመት 45 ተማሪዎች ይዤ ወደ አንድ የዱር እንስሳት መጠለያ ሄጄ ነበር። አስጎብኚው ለረጅም ሰዓት አብራራልን። ልጆቹ ፎቶ ተነሱ፣ ምሳ በሉ፣ ተመለስን። በማግስቱ ምን ተማራችሁ ብዬ ስጠይቅ አንዱ ‹አውቶቡስ ውስጥ ዘፈንን› አለኝ። ዘንድሮም ልንሄድ ነው። ሽርሽር ሆኖ እንዳይቀር ምን ላድርግ?»

መምህርት፣ መጀመሪያ ልናዘዝ። እኔም እንደዚያ አስጎብኚ ነበርኩ። በአንድ መጠለያ የትምህርት ክፍል ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ሐይቁ ዳር ቆሜ ስለ ሥነ ምህዳር 40 ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። በጣም ተዘጋጅቼበት ነበር። ስጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። አንዲት ልጅ ወዲያው እጇን አወጣች። ደስ አለኝ። «ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የዕለቱ ትክክለኛ ጥያቄ እሱ ነበር። ልጅቷ የማታውቀው ቦታ ላይ ነው የቆመችው። ሽንት ቤት የት እንዳለ አታውቅም። ስንት ሰዓት እንደምትበላ አታውቅም። ከቁጥቋጦው ኋላ ምን እንዳለም አታውቅም። እኔ ደግሞ ስለ ምግብ ሰንሰለት እነግራታለሁ!

ነገሩ በጥናትም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆን ፎክ፣ ዌድ ማርቲንና ጆን ባሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ልጆች ከክፍል ውጭ፣ ዛፍ በበዛበት ቦታ ሲማሩ ምን እንደሚሆን አጠኑ። ቦታው እንግዳ የሆነባቸው ልጆች፣ ቦታውን ከለመዱት ያነሰ ነው የተማሩት። ስለሰነፉ አይደለም። ጭንቅላታቸው ሥራ ላይ ነው፤ ግን ቦታውን እያጠና እንጂ ትምህርቱን እየሰማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ኒር ኦሪዮንና አቪ ሆፍስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እንግድነት ሦስት ቦታ ከፈሉት። አንዱ የቦታው እንግድነት ነው። ሁለተኛው የዕውቀቱና የሥራው እንግድነት ነው፤ ልጁ ምን እንደሚያይና እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም። ሦስተኛው የስሜት ነው፤ ልጁ ይህን ቀን ከትምህርት ይቆጥረዋል ወይስ ከጨዋታ?

ስለዚህ ምክሬ ባጭሩ ይህ ነው። ጉዞውን የትምህርቱ መጀመሪያም መጨረሻም አያድርጉት። መሐል ይሁን። ከፊቱ ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ ሁለት ይመድቡ። ያለፈው ዓመት ችግር አስጎብኚው ብቻ አልነበረም። ልጆቹ ምንም ሳይዙ ነው አውቶቡስ ላይ የወጡት።

የቦታውን እንግድነት ማቃለል በጣም ቀላል ነው። ከመጠለያው ካርታ ይጠይቁ፤ ከሌለ እራስዎ አስቀድመው ሄደው በእጅ ይሳሉ። (አስቀድሞ መሄድ ለሌላም ይጠቅማል። ክራንች ወይም ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ተማሪ ካለዎት፣ መንገዱ ያስኬዳል ብሎ ማንም በስልክ ቢነግርዎ አይመኑ፤ በእግርዎ ያረጋግጡ። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ በስልክ «ምንም ችግር የለም» ብዬ፣ አንድ ልጅ ከድልድዩ ወዲህ ቀርቶ ጓደኞቹን ሲጠብቅ ዋለ። እስካሁን ይቆጨኛል።) ከዚያ ለልጆቹ ሁሉንም ይንገሯቸው። ስንት ሰዓት እንደሚደርሱ፣ ምን ያህል በእግር እንደሚሄዱ፣ የት እንደሚበሉ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ። ለእኛ ተራ ነገር ነው። ለእነሱ ግን የቀኑ ግማሽ ጭንቀት ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይደብቁ ይንገሯቸው። በቴሌቪዥን እንደሚያዩት አይሆንም። አዳኝ እንስሳ ከፊታቸው ሲሮጥ ላያዩ ይችላሉ። ብዙ አጥቢ እንስሳት የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚደርሰው ደግሞ እነሱ ጥላ ፍለጋ ሲገቡ ነው። ይህን ያልተነገረው ልጅ አንድ ሰዓት ሳይሞላው «ምንም የለም እኮ!» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ጥያቄው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይሂዱ። ሃያ ባዶ ቦታ ያለውን የመልመጃ ወረቀት፣ እባክዎ፣ ቢሮዎ ይተዉት። ያንን ወረቀት የያዘ ልጅ እንስሳ አያይም። ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ እየሮጠ መልስ ይገለብጣል። ቀድሞ የጨረሰው ደግሞ ለጓደኞቹ ያቀብላል። ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ጥሩ ጥያቄ ቆጥረው የሚመልሱት ነው። እኔ በጣም የምወደውን ልስጥዎ፤ ሐይቅ ወይም ረግረግ ባለበት መጠለያ ሁሉ ይሠራል። «እነዚህ ሁሉ ወፎች እዚህ አንድ ሐይቅ ላይ ሲበሉ ለምን አይጣሉም?»

ልጆቹ አንድ ነጭ ወረቀት ይይዛሉ። የሐይቁን ዳር ከጎን ሲታይ እንዲመስል አድርገው ይስሉታል። መጀመሪያ ጭቃው፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰው ውሃ፣ ቀጥሎ ጉልበት የሚደርሰው፣ መጨረሻ ላይ ጥልቁ። ከዚያ ቁጭ ብለው በየ5 ደቂቃው በእያንዳንዱ ክፍል ስንት ወፍ እንዳለ ይቆጥራሉ። ግማሽ ሰዓት ከቆዩ ስድስት ቆጠራ ይኖራቸዋል። የወፎቹን ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም። «አጭር እግር፣ ቀጭን ረጅም አፍ፣ ቡናማ» ብለው ቢጽፉ በቂ ነው። ስም ቶሎ ከነገሩት፣ ልጁ ማየቱን ያቆማል። ስሙን ሲያገኝ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ቆጠራ ላይ ሲደርሱ አንዱ ልጅ መጮህ ይጀምራል። «እንዴ! እግራቸው አጭር የሆነው ሁሌ ጭቃው ላይ ነው!» ይሄኔ እርስዎ ዝም ይበሉ። ሌሎቹ ይቀጥሉለታል። ትንንሾቹ ወፎች ጭቃውን በአፋቸው ይወጋሉ፤ አፉ የረዘመው ጠልቆ የተቀበረ ትል ያወጣል፣ አፉ ያጠረው ላይ ላዩን ይለቅማል። ሽመላን የመሰሉ ባለ ረጅም እግሮች ውሃው ውስጥ ይቆማሉ። ዳክዬዎችም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ጭራቸውን ወደ ሰማይ አቁመው አንገታቸው የሚደርስበትን ያህል ብቻ ይጎነጫሉ። ሌሎቹ ጨርሶ ሰጥመው ከጥልቁ ይበላሉ። ገበታው አንድ ነው፤ መቀመጫው ግን የየራስ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጣሉላቸው። «ውሃው አንድ ስንዝር ቢጨምር ቦታ የሚያጣው ማነው? ቢቀንስስ?» ልጆቹ መልሱን ከሥዕላቸው ላይ ያነቡታል። ጭቃው በውሃ ከተሸፈነ ባለ አጭር እግሮቹ ይሄዳሉ። ቀጥለው የመጠለያውን ሠራተኛ ይጠይቁ። ብዙ መጠለያዎች ውስጥ የውሃው ከፍታ በዕድል የሚተው አይደለም፤ በግድብና በበር ይቆጣጠሩታል። አንዱን ኩሬ ያጎድሉና ሌላውን ይሞላሉ። ጭቃ ለሚወዱት ጭቃ፣ ለዋናተኞቹ ውሃ እንዲኖር ነው። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ይሄ ተፈጥሮ ነው ወይስ እርሻ?» ብሎኝ ያውቃል። ጥሩ አድርጌ አልመለስኩለትም። የሚገርመው፣ ባለሙያዎቹም ይህንኑ ነው የሚከራከሩት።

አሁን ስለ ልምምድ። ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት መጠለያው ውስጥ መሆን የለበትም። ከሳምንት በፊት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይሞክሩት። እርግብ ይኑር ድንቢጥ ለውጥ የለውም። ጥንድ ጥንድ ያድርጓቸው፤ አንዱ ያያል፣ ሌላው ይጽፋል። 45 ልጅ ማለት 18 ጥንድና ሦስት ባለ ሦስት ቡድን ነው፤ በጉዞው ቀን ሦስት ቦታ እኩል እንዲከፈሉ። ባይኖኩላር ካገኙም እዚያው ይለማመዱ። ያልተለማመደ ልጅ ባይኖኩላር ይዞ ወፍ ሲፈልግ ሰማይ ብቻ ነው የሚያየው። ዘዴው ቀላል ነው። መጀመሪያ ወፏን በባዶ ዓይን ይያዛት፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይኑ ያምጣ። ባይኖኩላሩ ላይ ስለተጻፈው ቁጥር ከተጠየቁ፣ 8×42 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ የፊቱ መስታወት ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለልጆች 7 ወይም 8 ይበቃል። 10 የሚያቀርበው በእጃቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

የጉዞው ቀን ላይ 45ቱን በአንድ ላይ አይነዷቸው። ሦስት ቦታ ይክፈሏቸው፤ 15፣ 15፣ 15። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት አዋቂ። አንዱ ቡድን ሐይቁ ጋ ሲቆጥር፣ ሌላው በእግር መንገዱ ላይ ዱካ ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ከውሃው ነፍሳት ይጠልቃል። በየ40 ደቂቃው ይለዋወጣሉ። አብረው የሚሄዱ ወላጆች ካሉ ሥራ ይስጧቸው። ሥራ የሌለው ወላጅ ከልጆቹ በላይ ያወራል።

ፎቶ? መከልከል አያዋጣም። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ካሜራ፣ አንድ ፎቶ አንሺ ይመድቡ። ሰልፊው ለምሳ ሰዓት ይቆይ።

«ዝም በሉ!» ስለሚለው ነገር ላውራ። አስተማሪዎች መጠለያ ውስጥ በብዛት የሚሉት ቃል ነው። በብዛት የማይሠራውም እሱ ነው። እኔ ዘግይቼ የተማርኩት ነገር ዝምታን ወደ ሙከራ መቀየር ነው። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ወፍ ይመርጣል። ለ2 ደቂቃ፣ በየ10 ሰከንዱ፣ ወፉ ምን እየሠራ እንደሆነ ምልክት ያደርጋሉ፦ እየበላ፣ እያረፈ፣ ላባውን እያበጠረ ወይስ ቀና ብሎ እየቃኘ? 12 ምልክት ይኖራቸዋል። ይህን ልክ እንደደረሱ አንድ ጊዜ ይሥሩት። ከዚያ 10 ደቂቃ ፀጥ ብለው ይቀመጡ፤ እንደገና ይሥሩት።

ብዙ ጊዜ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው። መጀመሪያ ላይ «ቀና ብሎ እየቃኘ» የሚለው ይበዛል። ቀጥሎ «እየበላ» ይበዛል። ልጆቹ የራሳቸው መምጣት ወፉን እንደረበሸው በቁጥር አገኙት ማለት ነው። ቀና ያለ ወፍ እየበላ አይደለም። በርሮ የሄደ ወፍ ደግሞ የበላውን ጉልበት አቃጥሏል። ጎጆው ላይ ከነበረ እንቁላሉን ለፀሐይና ለአዳኝ ትቶ ነው የተነሳው። ከዚያ በኋላ «ዝም በሉ» የሚሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ያውም እርስዎን! ግን ሆን ብሎ ጮሆ መሞከር ክልክል ነው። የ45 ልጅ መምጣት በራሱ ይበቃል።

ይህ ጉዳይ ወደ መጠለያ ምንነት ይወስደናል። ልጆች መጠለያን ከእንስሳት ማሳያ ግቢ ጋር ያደባልቁታል። ማሳያው ለሰው ተብሎ የተሠራ ነው። መጠለያው ለእንስሳቱ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። ይህን በታሪክ መንገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1903 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በፍሎሪዳ ያለችውን ትንሿን የፔሊካን ደሴት የወፎች መጠለያ ትሁን ብለው ወሰኑ። የሀገሪቱ የመጀመሪያ የፌዴራል የዱር እንስሳት መጠለያ ተደርጋ የምትቆጠረው እሷ ናት። ምክንያቱ ባርኔጣ ነበር። የዚያን ዘመን የሴቶች ባርኔጣ በወፍ ላባ ያጌጥ ስለነበር ወፎቹ በገፍ ይገደሉ ነበር። ለጥበቃው ከመንግሥት በጀት አልተገኘም። ፖል ክሮገል የተባለ ጀልባ ሠሪ በወር 1 ዶላር፣ እሱም ከወፍ ወዳጆች ማኅበር በሚመጣ ገንዘብ፣ ደሴቷን ጠበቀ። ልጆች ይህችን አንድ ዶላር አይረሷትም። የሌላውን ሁሉ ዓመተ ምሕረት ይረሳሉ፤ ይርሱት።

በዚያው ሀገር እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሕግ የአካባቢ ትምህርትን በመጠለያዎች ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ስድስት የጎብኚ ተግባራት አንዱ አድርጎታል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከመጠለያው ዓላማ ጋር መጣጣም አለበት። የትም ቢሆን ሐሳቡ ይኸው ነው። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ይደውሉና «ወፎቹ እንቁላል ላይ የሚቀመጡት መቼ ነው? የሚዘጋ መንገድ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከዚህ ጥያቄ በኋላ የመጠለያው ሠራተኞች በሌላ ዓይን ያዩዎታል። ከልምዴ ነው የምለው።

መመገብና መልቀም ላይ ረጅም ስብከት አያስፈልግም። ዳቦ የለመደ ወፍ ሰው ፈርቶ መሸሽ ይተዋል፣ ሆዱም የማይረባ ነገር ይሞላል፤ በቃ። የወደቀ ላባ ግን ልጆችን ይፈትናል። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ለማሳየት ይህን ይንገሯቸው፦ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1918 በወጣው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ መሠረት የብዙ ወፎችን ላባ፣ መሬት ላይ ወድቆ ቢገኝ እንኳን፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ምክንያቱም ከተገደለ ወፍ የተነቀለውንና በራሱ የወደቀውን ማንም ሊለይ አይችልም። ልጆች ይህን ምክንያት ይወዱታል፤ የመርማሪ ሥራ ይመስላል።

እንስሳ ባይታይስ? ዱካ አለ። ኮቴ፣ ኩስ፣ ፋንድያ፣ የተበላ ቅጠል፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የሸረሪት ድር። ዕድል ከቀናዎት ከትልቅ ዛፍ ሥር ጉጉት የተፋችውን ድብልብል ያገኛሉ። ጉጉት አይጥ ስትውጥ አጥንቱና ፀጉሩ አይፈጭላትም፤ ጠቅልላ በአፏ መልሳ ትተፋዋለች። ውስጡ ሙሉ የአይጥ ራስ ቅል ሊገኝ ይችላል። በእጅ ሳይነኩ፣ በእንጨት ይከፋፍሉት።

ውሃው ደግሞ መቼም አያሳፍርም። ፈቃድ ይጠይቁ፤ መረብና ነጭ ሳህን ይያዙ። ነጭ መሆኑ ወሳኝ ነው፣ በጥቁር ሳህን ምንም አይታይም። የውሃ ተርብ እጭ ካገኙ ቀኑ የእርስዎ ነው። ይህ ፍጡር የሚተነፍሰው በመቀመጫው ነው! ውሃ በኋላው አስገብቶ ኦክስጅኑን ይወስዳል። ሲደነግጥ ደግሞ ያንኑ ውሃ በኃይል ገፍቶ ያወጣና እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። የ6ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሰምቶ ላይስቅ አይችልም። ሳቁ ሲበርድ ቀይዋን ትንሽ ትል መሰል እጭ ያሳዩዋቸው። ቀይ የሆነችው እንደ እኛ ደም ኦክስጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ስላላት ነው፤ ስለዚህ ኦክስጅን ባነሰበት ቆሻሻ ውሃ ውስጥም ትኖራለች። ሌሎች እጮች ግን ውሃው ሲቆሽሽ ቀድመው ይጠፋሉ። ሳህኑ ውስጥ ማን አለ፣ ማን የለም? ውሃው ስለ ራሱ የሚናገረው በዚህ ነው። ሲጨርሱ ሁሉም ወደ ውሃው ይመለሳሉ፣ ልጆቹም ከምሳ በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። የአስም መድኃኒት ያለው፣ የንብ መርዝ የማይስማማው ልጅ ዝርዝር በእርስዎ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ አውቶቡስ ውስጥ በቀረ ቦርሳ አይደለም።

የቀረው መመለሱ ነው። ብዙ ጉዞዎች የሚሞቱት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ በዩኔስኮ የተጠራው የአካባቢ ትምህርት ጉባኤ አምስት ግቦች አስቀምጦ ነበር፦ ግንዛቤ፣ ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ክህሎትና ተሳትፎ። አብዛኛው የትምህርት ቤት ጉዞ ግንዛቤ ላይ ይቆማል። «ተፈጥሮ ደስ ትላለች» ብለው ይመለሳሉ። ባይከፋም ለዚህ አውቶቡስ መከራየት አያስፈልግም ነበር።

በማግስቱ «ምን ተማራችሁ?» ብለው አይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ለአዋቂም ይከብዳል። ይልቅ የሁሉንም ቆጠራ ሰሌዳ ላይ ይሰብስቡ። የ21ዱ ጥንዶችና ባለ ሦስቶች ቁጥር አንድ ዓይነት አይሆንም። አንዱ ጭቃው ላይ 14 ይላል፣ ሌላው 31። ጥሩ ነው! ይከራከሩ። ማን ቀድሞ ቆጠረ? ማን የት ቆሞ ነበር? የበረረውን ሁለቴ የቆጠረ አለ? ሳይንስ ማለት ይህ ክርክር ነው፤ ያውም መምህሯ መልሱን የማታውቅበት። ከዚያ ከጉዞው በፊት በትምህርት ቤቱ ግቢ ከቆጠሩት ጋር ያነጻጽሩት። እዚያ ስንት ዓይነት ወፍ አየን? እዚህስ? ልዩነቱ ከምን መጣ፤ ከውሃ፣ ከዛፍ፣ ከፀጥታ? ግቢያችን ውስጥ የትኛውን መቀየር እንችላለን? አንድ ክፍል የግቢያቸው አጥር ሥር ያለውን ጥግ ሳይታጨድ እንዲቆይ ርዕሰ መምህሩን ለምነው አስፈቅደው ነበር። እያንዳንዱ ጎን 1 ሜትር የሆነ ካሬ በገመድ አጥረው በየሳምንቱ ነፍሳቱን ቆጠሩ። ተሳትፎ ሲባል እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው።

ቁጥሩን አንድ ገጽ ላይ ጽፈው ለመጠለያው ይላኩት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆማችሁበትን ቦታ ሳትረሱ። በሚቀጥለው ዓመት የሚሄዱት የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጠው፣ በዚያው ሰዓት ይቆጥራሉ። እነሱ ደግሞ ከእናንተ ቁጥር ጋር ይከራከራሉ። የዘንድሮዎቹን ወረቀት ግን አይጣሉት፤ ጭቃ የነካውንም ቢሆን።